ከኩሽኔታ እስከ ተሳቢ፦ የእንጨት መኪና ታሪክ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የአንድ አገር የቴክኒክ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ትልልቆቹ ሥራዎች ናቸው፤ የባቡር ሐዲዱ፣ ግድቡ፣ ድልድዩና ፋብሪካው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጎን ለጎን ማንም ዕቅድ ሳያወጣላቸው፣ ማንም በጀት ሳይመድብላቸው፣ በየሰፈሩ የተወለዱ ትንንሽ ሥራዎች አሉ። ከእነዚህም አንዱ ልጆች ከሳንቃና ከአሮጌ ኩሽኔታ እየሠሩ ቁልቁለት የሚያንደረድሩት የእንጨት መኪና ነው። ሞተር የለውም፤ ነዳጅ አይጠይቅም፤ የሚነዳው በመሬት ስበት ብቻ ነው።

ይህን ሥራ እንደ ተራ የልጅ ጨዋታ ቆጥሮ ማለፍ ቀላል ነው፤ እንዲያውም በብዙ ሰው ዘንድ «የዱርዬ ጨዋታ» ተብሎ ይነቀፋል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የእንጨት መኪናው የአገራችን የከባድ መኪና ታሪክ በትንሹ የተቀረጸበት ሰነድ ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ልጅ የመማሪያ መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ስለ ዘንግ፣ ስለ ሰበቃ፣ ስለ ክብደት ሚዛንና ስለ ፍሬን በእጁ የተማረበት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የማኅበራችንን አባላት በቅርብ የሚመለከት ይመስለናል።

መንገዱና ከባዱ መኪና

አዳማ የመንገድ ልጅ ናት። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ ከጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ የኤሌክትሪክ ግድብ ተመረቀ። ከተማዪቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ናዝሬት ስትባል ቆይታ በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል የሚወርደው መንገድ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በዚህ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረውም።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣውም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ከባዱ የጭነት መኪና በብዛት የመጣው ግን በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ነው። ፊያት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1931 መሥራት የጀመረው 634 የተሰኘው የናፍጣ መኪና በአገራችን «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ታወቀ፤ ትርጉሙም በኢጣልያንኛ «ሠላሳ አራት» ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መኪናዎቹና አያሌ መካኒኮች በአገሩ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ፊያት 682ን አወጣ፤ የዚህ ዐይነት ሦስተኛው ትውልድ በኢትዮጵያ መንገድ «ኤንትሬ» የሚል ስም አትርፎ ለብዙ ዓመታት የጭነት ሥራ ምሰሶ ሆነ። ኢጣልያኖቹ ራሳቸው ይህን መኪና «የአፍሪካ ንጉሥ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መቋቋሙ፣ በ1959 ዓ.ም. የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ መከፈቱ፣ ቀጥሎም በ1960ዎቹ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ መሠራቱ አዳማን የከባድ መኪና መናኸሪያ አደረጋት። በ1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ ሲዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር እንኳ መኪናው አዳማን አልለቀቀም። ስለዚህ በዚህች ከተማ የተወለደ ልጅ ዐይኑን ሲገልጥ የሚያየው ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ነው። ልጅ ደግሞ ያየውን ይሠራል።

ቃሉ ስለ ራሱ ይናገራል

የእንጨት መኪናውን ታሪክ ለማወቅ ቃላቱን መመርመር ይበቃል። «ኩሽኔታ» ኢጣልያንኛ «ኩሺኔቶ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ቃሉ በጥሬው «ትንሽ ትራስ» ማለት ሲሆን በመካኒኮች ዘንድ ዘንግ የሚያርፍበትን ባለ ኳስ ቀለበት ያመለክታል። ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ታርጋ የምንላቸው ሁሉ ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ የዚያው ቋንቋ ውርስ ነው። ጋራዥ ገብቶ ሥራ የለመደ ሰው እነዚህን ቃላት ከመሣሪያዎቹ ጋር አብሮ ወረሳቸው፤ ልጆችም ከጋራዡ ደጃፍ የተጣለውን ብረት ሲለቅሙ ስሙን ጨምረው ለቀሙት።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ኢጣልያኖቹ «ሪሞርኪዮ» የሚሉት ተከታይ ጋሪ በእኛ ዘንድ «ተሳቢ» ተባለ። ይህ ቃል ከውጭ አልመጣም፤ የነገሩን ባሕርይ በትክክል የሚገልጽ የራሳችን ቃል ነው። የውጭውን መሣሪያ ተቀብሎ በራስ አእምሮ መርምሮ ስም ማውጣት፣ ትንሽ ቢመስልም፣ የቴክኒክ ዕውቀት መዋሐዱን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ስለ ኩሽኔታው አመጣጥ በአጭሩ መጨመር ይገባል። ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1794 በሠረገላ ዘንግ ላይ ኳሶችን ለማስገባት የፈጠራ መብት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1906 በኢጣልያ ቪላር ፔሮዛ የሪቭ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በስዊድን የኤስካኤፍ ኩባንያ ተቋቋሙ። የሪቭ መሥራቾች አንዱ የፊያቱ ጆቫኒ አኜሊ ስለነበር ሁለቱ ኩባንያዎች ከመነሻው የተሳሰሩ ነበሩ። በአንድ ሰፈር ቁልቁለት ላይ እየጮኸ የሚወርደው ቀለበት እንግዲህ የረጅም ዘመን ጥናትና የሁለት ክፍለ ዓለማት ሥራ ውጤት ነው።

አሠራሩ

የሚጋለበው የእንጨት መኪና በመሠረቱ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ መቀመጫ ሳንቃ፣ የኋላ ዘንግና የፊት ዘንግ። ሳንቃው ብዙውን ጊዜ ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን የተነቀለ ወይም ከግንባታ የተረፈ ነው። የኋላው ዘንግ በምስማር ይመታል። የፊተኛው በመካከሉ በአንድ ቡሎን ይያያዝና ግራና ቀኝ እንዲዞር ይደረጋል፤ ነጂው በእግሩ ወይም በገመድ ይመራዋል። የዘንጉ ጫፍ በቢላዋ ተጠርቦ በኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ልክ ይገባል፤ ካላላ በጨርቅ ወይም በቀጭን ቆርቆሮ ይጠበቃል።

መሐንዲስ ይህን ሲመለከት አንድ ነገር ያስገርመዋል። በማሽን ውስጥ የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት በጠንካራ ቤት ውስጥ ተደግፎ የሚቀመጥ ነው። እዚህ ግን ደጋፊ የለውም፤ ራሱ ጎማ ሆኖ አስፋልቱን ይረግጣል። ድንጋይ በመታ ቁጥር ኳሶቹ በመንገዳቸው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ መኪናው ከቀን ወደ ቀን የበለጠ የሚጮኸውም ስለዚህ ነው። ልጆች ይህን በንድፈ ሐሳብ ባያውቁትም በልምድ ደርሰውበታል። ትልቅ ኩሽኔታ ከትንሹ ይልቅ ድንጋዩን በቀላሉ ያልፋል፤ ስለሆነም የውጭ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት 52 ሚሊ ሜትር ከሆነው ይልቅ ተፈላጊ ነው። ወፍራም ግራሶ መንከባለሉን እንደሚያዘገይ ስለሚያውቁም በናፍጣ አጥበው ቀጭን ዘይት ያንጠባጥቡበታል።

ይህ አሠራር ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። እንደ መቂና ባቱ ባሉ መሬታቸው ደልዳላ በሆነ ከተሞች ቁልቁለት እምብዛም ስለሌለ፣ ያው ሳንቃ ጀሪካን ማመላለሻና ሸቀጥ መግፊያ ይሆናል። ለእግረ ሽባ ወገኖችም መንቀሳቀሻ ሆኖ ያገለገለበት ብዙ ጊዜ ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መለያ የነበረው የፈረስ ጋሪም በአሮጌ መኪና ዘንግና ጎማ ላይ የተሠራ የዚሁ ቤተ ሰብ ዘመድ ነው።

ትንሹ ተሳቢና ጌጡ

ከሚጋለበው ሌላ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የጭነት መኪናም አለ። አካሉ ከእንጨት፣ ካቢናው ከላሜራ ወይም ከዘይት ቆርቆሮ፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ወይም ከቆርኪ ይሠራል። ከኋላው በሽቦ የተያያዘ ተሳቢ ይከተላል። ይህ ትንሽ መኪና የዘመኑን ትልቅ መኪና ተከትሎ መልኩን ይለውጣል። ቀድሞ አፍንጫው የወጣ ነበር፤ ኤንትሬ ሲነግሥ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ኮንቴይነር ሲበዛ ደግሞ ሣጥን የተሸከመ፣ የጭነቱን ከፊል በጎታቹ ጀርባ ላይ የሚያሳርፍ ተሳቢ መጣ። የልጆቹን ሥራ በቅደም ተከተል ለሰበሰበ ሰው የአገሪቱ የጭነት ትራንስፖርት ታሪክ በመደርደሪያ ላይ ይገኝለት ነበር።

ጌጡም እንዲሁ ከትልቁ የተቀዳ ነው። የአገራችን ሾፌር መኪናውን ሳያስጌጥ አይነዳም። በካሶኔው ጎን በቀለም የተሣለ አበባና መስመር፣ በመስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለ ዘርፍ፣ የቅዱሳን ሥዕል ወይም የአላህ ስም፣ ከኋላ በኩልም ምክርና ቀልድ የያዘ ጽሑፍ ይታያል። ልጁ ከግንባታ የተረፈ ቀለም ያገኘ እንደሆነ ይህን ሁሉ በትንሹ ይደግመዋል። ቆርኪው የፊት መብራት ይሆናል፤ ታርጋው በአረንጓዴ ተጽፎ «ኮድ 3» ይባላል፤ በተሳቢውም ላይ ለብቻው ታርጋ ይለጠፋል። ሕጉን ማንም አላስተማረውም፤ በመንገድ ዳር ቆሞ አንብቦት ነው።

ይህ ጌጥ ከንቱ አይደለም። ሾፌሩ በጣርማ በርም ሆነ በሌላ ገደላማ መንገድ ሲወርድ ሕይወቱን የሚጥለው በፍሬንና በእምነት ላይ ነው። የተሣለው ሥዕል ጸሎት ነው፤ የተጻፈው ቃል ስንብትም ማስጠንቀቂያም ነው። ልጁ የሚቀዳው እንግዲህ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ክብርና ሥጋት ጭምር ነው።

ቁልቁለቱ የሚያስተምረው

ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የነሐስ ኳስ በተዳፋት ጣውላ ላይ እያንከባለለ የውድቀትን ሕግ እንዴት እንደ መረመረ ገልጿል። የሰፈር ልጆች ውድድር የዚያው ሙከራ ተከታይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለምሳሌ 100 ሜትር ርዝመት ያለውና 5 ሜትር የሚወርድ መንገድ እንውሰድ። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ ከላይ በዝምታ የተነሣ መኪና ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 9.9 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለመንከባለል የሚጠፋውን ጉልበት የክብደቱ 2 በመቶ ነው ብለን ብንቀንስ ከ5 ሜትሩ 3 ብቻ ይቀራል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በዚህ ስሌት ውስጥ የነጂው ክብደት የለበትም። ይሁንና ከባዱ ልጅ ቀላሉን ሲቀድም በተደጋጋሚ ይታያል። ምክንያቱም የነፋሱ ግፊት ከክብደት ጋር አብሮ ስለማያድግ ከባዱን እምብዛም አይጎዳውም።

በትንሹ ተሳቢ ላይ ደግሞ ሌላ ምሥጢር ይገለጣል። አካሉ 1 ኪሎ፣ አራቱ ድፍን የእንጨት ጎማዎች በጠቅላላው 400 ግራም ቢመዝኑ፣ ጎማዎቹን ለማሽከርከር ብቻ የሚውለው ጉልበት ከጠቅላላው ስምንተኛ እጅ ነው። ስለዚህ ብልኅ ሠሪ ጎማውን ያቀልላል፣ ክብደቱን በአካሉ ላይ ያደርጋል። ክብደቱን በተሳቢው ላይ ካበዛ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ጎታቹ ትንሽ በተጠማዘዘ ቁጥር ተሳቢው ከኋላ እየገፋ እንደ ሰንጢ ያጥፈዋል። በትልቁ መንገድ ላይ ተሳቢዎች በቁልቁለት የሚገለበጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ሕግ በሽቦና በቆርኪ የተማረ ልጅ በኋላ ሾፌር ቢሆን፣ የተሳቢው ፍሬን ከጎታቹ ፍሬን ዘግይቶ መያዝ እንደሌለበት በቀላሉ ይገባዋል።

በሌላው ዓለም

ይህ ጨዋታ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ማይረን ስኮት የተባለ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ልጆች ከሳሙና ሣጥን በሠሯቸው መኪናዎች ሲሽቀዳደሙ ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1933 በዴይተን ከተማ ይፋዊ ውድድር አዘጋጀ። በዓመቱ ውድድሩ አገር አቀፍ ሆነ፤ ሸቭሮሌት ኩባንያ ደጋፊው ሆነለት። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ አክረን ከተማ ተዛወረ፤ በ1936ም ልዩ የቁልቁለት መንገድ ተሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዶን መርፊ የተባለ አባት፣ ለመንዳት ዕድሜያቸው ላልደረሰ ልጆች ከጥድ ቁራጭ የሚቀረጽ ትንሽ መኪና ውድድር ጀመረ። ሕጉ ክብደቱን በ5 አውንስ፣ ማለትም በ142 ግራም ገደማ ወሰነው። የጭነት መኪናና የተሳቢ ቅርጽ ያላቸው የእንጨት መኪናዎች በዚያ አገር የሚሠሩት በዚሁ ፈለግ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ሕግና ቦታ ሲበጅለት የልጅ ጨዋታ የቴክኒክ ትምህርት እንደሚሆን ነው። ሁለተኛው፣ የሽልማቱ ፍቅር ሲያይል ሥራው እንደሚበላሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የአክረኑ አሸናፊ በመኪናው አፍንጫ ውስጥ ኤሌክትሮማግኔት ተደብቆ በመገኘቱ ሽልማቱን ተነጥቋል። ማግኔቱ በመነሻው ላይ ያለው ብረት ሲወድቅ መኪናውን ወደ ፊት ይስበው ነበር። የአዋቂ እጅ ከልጁ እጅ በላይ ሲገባ እንዲህ ያለው ነገር ይደርሳል።

ባለ እጅን ማክበር

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው መኪና በገባበት በዚያው ዓመት አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ያስፈለገው ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን መናቅ በኅብረተሰቡ ውስጥ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁንና ኩሽኔታ የሚያጥበውን ልጅ «ዱርዬ» የሚለው አንደበት፣ ቀጥቃጩን ይሰድብ ከነበረው አንደበት በምን ይለያል? ልጁ እጁ በዘይት ስለ ጠቆረ ከጥናት እንደ ራቀ ይቆጠራል፤ እውነቱ ግን በዚያች ሰዓት የሚያጠናው ሜካኒክስን መሆኑ ነው። አዳማ በ1970ዎቹ የትራክተር መገጣጠሚያ የተተከለባት፣ ዛሬም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። በዩኒቨርሲቲው አጥርና በሰፈሩ ቁልቁለት መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው፤ የተራራቀው አስተሳሰባችን ነው።

በሌላ በኩል የወላጆችን ሥጋት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ነገሩን በቁጥር እንየው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚወርድ መኪና በጫማ ሶል ብቻ ሲያዝ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ2 ሜትር ቢቀንስ እንኳ ለመቆም 25 ሜትር ይፈጅበታል። ልጁ ደግሞ የሚቀመጠው ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ከካቢናው ሆኖ አያየውም። ቀድሞ ጥቂት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዛሬ በባጃጅና በጭነት መኪና ተጨናንቋል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት ቢበቃም፣ ሞጆ ወደብ የሚያስተናግደው ጭነት የከተማውን ዳር ዳር አልተወም። ጨዋታው በዚህ መንገድ ላይ ይቀጥል ማለት ልጆችን ለሞት መስጠት ነው።

ስለዚህ ምርጫው በመከልከልና በመተው መካከል መሆን የለበትም። ለትራፊክ ተዘግቶ፣ ዳርና ዳሩ በአሮጌ ጎማ ታጥሮ፣ በመጨረሻው ዳገት ያለው አንድ አጭር ቁልቁለት በዓመት ለጥቂት ቀናት ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ክብደትን የሚወስንና ፍሬንን ግዴታ የሚያደርግ ቀላል ሕግ ማውጣትም ከአንድ መሐንዲስ የግማሽ ቀን ሥራ አይበልጥም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መለካትና መሣል ያስፈልጋል። ከውጭ የሚገባው የፕላስቲክ መጫወቻ በየሱቁ ሲረክስ በእጅ የሚሠራው እየቀነሰ ነው፤ የሠሩትም ሰዎች እያረጁ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያና የመስጊዳችንን ሚናራ ለክተን እንደ ሣልን ሁሉ፣ የኩሽኔታውን መኪናና ትንሹን ተሳቢ ከሦስት ማዕዘን ሥለን፣ የቁሳቁሱን ዐይነትና የክፍሎቹን ስም ጽፈን ማስቀመጥ የእኛ የሞያ ግዴታ ነው። በየከተማው ያለ አንድ አባል በዚህ ዓመት አንድ የእንጨት መኪና ለክቶ ቢሥል፣ በሚመጣው ዓመት ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለው ሥራ በአንድ ጥራዝ ሊሰበሰብ ይችላል።